"በህግ አምላክ!" ስለ እምነት፣ ስለ ህሊናና ስለ መንግስት ስልጣን ገደብ ከወጣቶች ጋር እንዴት እናውራ

አያቴ ማንበብና መፃፍ አትችልም ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖኝ አንድ ጠዋት የቀበሌ ሰው ዶማ የያዙ ሁለት ልጆች አስከትሎ መጣና አጥራችሁ ወደ መንገድ ገብቷል ይፈርሳል አለ፣ ወረቀት የለው ምን የለው። እሷ ከጓዳ ወጣች፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ልክ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው፣ በሩ ላይ ቆማ "በህግ አምላክ!" አለች። አንዴ ብቻ ነው ያለችው። ዶማውን ያነሳው ልጅ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው፣ ሰውየው ደሞ "እማማ እኛ እኮ ታዘን ነው" ማለት ጀመረ፣ "እንግዲያው ያዘዘህን ሰው ወረቀት ይዘህ ና" አለችው፣ ሄዱ። በሳምንቱ ወረቀት ይዘው መጥተው ግማሹን አፈረሱት፣ እሷም ሲጨርሱ ቡና አፍልታ አጠጣቻቸው።

ይሄን ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን፣ ሰው ሲጣላ ሌባ ሲሮጥ እንለዋለን፣ ግን ውስጡ ያለው ሀሳብ ትልቅ ነው እኮ። ዱላ ከያዘው ሰው በላይ ህግ አለ፣ ከህጉ በላይ ደሞ የህጉ አምላክ አለ፣ ባለዱላውም እሱን ይፈራል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ "ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ" የሚል ተረትም አለን። ሁለቱም የኛው ናቸው፣ ሁለቱንም ልጆቻችን ከኛው አፍ ነው የሚሰሙት፣ እና የትኛውን ይዘው እንደሚያድጉ ቁጭ ብለን ካላወራን ሁለተኛውን ነው የሚይዙት፣ ምክንያቱም ፍርሃት ማንም ሳያስተምረው ይለመዳል።

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደሞ ከሙስሊምና ከፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን የሰፈሩን ወጣቶች በወር አንዴ እናወያያለን። እንዴት እንደምናደርገው ልንገራችሁ፣ እናንተም በየቤታችሁም በየማህበራችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ከአስራ ሁለት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ሁለት ሶስት ልጅ ብቻ ያወራና ሌላው ሞባይሉን መነካካት ይጀምራል። ቪዲዮ መቅረፅ ክልክል ነው በሉ፣ ይሄን መጀመሪያ ካላላችሁ ማንም የልቡን አያወራም። የህገ መንግስቱን አንቀፅ 10፣ 11 እና 27 በአንድ ገፅ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለሁሉም ስጡ ግን በግልባጩ አስቀምጡት፣ ገና አይነበብም። ቡናው ይፈላ፣ ሁለት ሰዓት ይበቃል።

መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና ሶስት ቦታ ክፈሉት፣ ኃጢአት፣ ነውር፣ ወንጀል ብላችሁ ፃፉ። ከዛ አንድ አንድ ነገር እየጠራችሁ የት ይግባ በሉ። ሰው መግደል? ሶስቱም ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም ይስማማል። ቅናት? ኃጢአት ነው ግን ፖሊስ አይመለከተውም። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ወንጀል ነው ግን ኃጢአት ነው ወይ፣ እዚህ ጋ ክርክር ይጀመራል። ታላቅ ሰው ቆሞ መቀመጥ ነውር ነው፣ ሌላ ቦታ አይገባም። ጉቦስ? አንዱ ልጅ "ወንጀልም ኃጢአትም ነው፣ ነውርነቱ ግን ቀርቷል" አለን፣ ክፍሉ ዝም አለ፣ እኔ እስካሁን ያቺን መልስ አልረሳሁም።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አትዝለሉት፣ የሮብን ፆም የገደፈ ሰው የት ይግባ? ለኦርቶዶክሱ ኃጢአት ነው፣ ለሌላው ምንም አይደለም። እሺ፣ ለኛ ኃጢአት ከሆነ ፖሊስ በየቤቱ እየገባ ድስት ይክፈት ወይ? ሁሉም አይ ይላል። ለምን አይ? እዚህ ጋ ዝም በሉና ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልስ "ተገዶ የተፆመ ፆም ፆም አይደለም" የሚል ነው፣ ሙስሊሞቹ ልጆች ደሞ "በሃይማኖት ማስገደድ የለም" የምትለዋን የቁርአን አንቀፅ (አል በቀራህ 256) ያነሳሉ። አያችሁ፣ የመንግስት ስልጣን ገደብ አለው የሚለውን ከእምነታቸው ውስጥ አወጡት፣ እናንተ አልነገራችኋቸውም።

ከዛ መልካምና ክፉን የምናውቀው ከየት ነው ወደሚለው እለፉ። አንድ ልጅ የግድ "ሃይማኖት የሌለውም ሰው እኮ ደግ ነው" ይላል፣ እባካችሁ አትቆጡት። ትክክል ነው በሉት። የኛ ሊቃውንት ከህገ ኦሪትና ከህገ ወንጌል በፊት ህገ ልቡና ነበር ብለው ያስተምራሉ፣ ሙሴ ፅላት ሳይቀበል አቤል ቃየን በሚባልበት ዘመን መግደል ክፉ መሆኑ ይታወቅ ነበር፣ በእስልምናም ፊጥራ የሚባለው ሰው ይዞት የሚወለደው ነገር አለ። እኔ እግዚአብሔር በሰው ልብ የፃፈው ነው ብዬ አምናለሁ፣ ያላመነውም ሰው የፃፈውን ባያውቅም ፅሁፉን ያነባል። ዋናው ነገር ህሊናን መንግስት አልሰጠም።

አሁን ፎቶ ኮፒውን ገልብጡትና አንቀፅ 10ን አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሰብዓዊ መብቶችና ነፃነቶች "ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ፣ የማይጣሱና የማይገፈፉ ናቸው" ይላል። መንግስት የሚሰጣቸው አይልም። ይሄን ከድሮው ጋር አስተያዩት። በ1948 የተሻሻለው ህገ መንግስት ንጉሰ ነገስቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅባት ምክንያት ሰውነታቸው ቅዱስ ነው ስልጣናቸውም አይነካም ይል ነበር፣ ኦርቶዶክስን ደሞ የመንግስት ሃይማኖት ያደርግ ነበር። እዛ ላይ እግዚአብሔር የተጠራው ለባለስልጣኑ መከለያ ነው፣ አያቴ ስትጠራው ግን ባለስልጣኑን ለማስቆም ነው። ስም አንድ ነው፣ አጠራሩ ግን ሰማይና ምድር።

ታሪክ ስትነግሩ ሁለቱንም ዓይነት ንገሩ፣ የኛን ጎን ብቻ መርጣችሁ አትንገሩ። ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ቆሞ "ያ ሰው አንተ ነህ" ያለውን፣ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲነጥቅ ኤልያስ የተናገረውን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ያውቀዋል። አቡበክር ኸሊፋ ሲሆኑ ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር አላህንና መልእክተኛውን እስከታዘዝኩ ታዘዙኝ፣ ካመፅኩ ግን የመታዘዝ ግዴታ የለባችሁም ማለታቸውን ሙስሊሙ ልጅ ይንገር። የአክሱሙ ንጉስ ነጃሺንም አትርሱ፣ የመካ ቁረይሾች ስጦታ ጭነው ወደሱ የሸሹትን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች መልስልን ሲሉት መጀመሪያ ስደተኞቹን ጠርቶ አዳመጠ፣ ከዛ ስጦታውን መለሰ፣ ሰዎቹን አልሰጠም።

ከዛ መራራውን ንገሩ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ህዝቡንም ሁኑ ሲሉ ሀገሩ በደም ታጠበ፣ በ1624 ዓ.ም. የወይና ደጋን ጦርነት አሸንፈውም እንኳ የወደቁት በሙሉ የራሳቸው ሰዎች ነበሩ፣ "ፋሲል ይንገስ ሃይማኖት ይመለስ" ተባለ፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። እዚህ ጋ ካቆማችሁ ኦርቶዶክሱ ልጅ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ አታቁሙ። የፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር አዘዙ፣ በ1870 ደሞ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ አሉት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ በብዙ ሺህ ወጥቶ እኩልነት ሲጠይቅ ያ ሁሉ ዘመን ከኋላው ነበር። ደርግ መጥቶ ሃይማኖት እኩል ነው አለ፣ ግን ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 አውርዶ አሰረ፣ በ1971 እሳቸውንም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ፀሐፊ የነበሩትን ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። ስንት ዓመት ሬሳቸው የት እንዳለ እንኳን አይታወቅም ነበር፣ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ አንድ ሰው ሮሜ 13ን ያነሳል፣ ባለስልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው የተባለውን። እዛው ምዕራፍ ላይ ቁጥር 4ን አስነብቡት፣ ባለስልጣኑ "ለመልካም ነገር የእግዚአብሔር አገልጋይ" ነው ይላል። አገልጋይ ጌታ አለው፣ ከታዘዘው ውጪ መሄድ አይችልም። ሐዋርያቱም አትስበኩ ሲባሉ "ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል" አሉ፣ ግን ተደበደቡ እንጂ አልደበደቡም፣ ይሄንን ለይታችሁ ንገሩ በተለይ ለወጣት ወንዶች።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ብትተዉት ይሄን አትተዉ። ስም መሸፈን እንለዋለን። ሁለት ወረቀት አዘጋጁ። አንዱ ላይ "ምዕመናን የሃይማኖት መሪዎቻችንን ራሳችን በቤተ እምነታችን እንምረጥ፣ መንግስት እጁን ያንሳ ብለው ጠየቁ" ብላችሁ ፃፉ፣ ሌላው ላይ "ምዕመናን የአባቶችን ሹመት ጉዳይ ለአባቶች ተዉት፣ መንግስት ጣልቃ አይግባ ብለው ጠየቁ" ብላችሁ ፃፉ። ሃይማኖቱን አትፃፉ፣ ዓመቱን አትፃፉ። ከዛ አንቀፅ 11ን አንብባችሁ ፍረዱ በሏቸው። መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግስት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ሁሉም ለሁለቱም ጠያቂዎች ይፈርዳል። ከዛ ስሙን ግለጡት፣ የመጀመሪያው በ2004 ሙስሊሞች ድምፃችን ይሰማ ብለው የመጅሊሱን ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይሁንልን ያሉበት ነው፣ ሁለተኛው በ2015 ኦርቶዶክሶች በሲኖዶሱ ጉዳይ ጥቁር ለብሰው ያለቀሱበት ነው።

እኔ በ2004 ዝም ካሉት አንዷ ነኝ። የነሱ ጉዳይ ነው ብዬ። በ2015 ጥቁር ለብሼ ስራ ስሄድ አንዲት ሙስሊም ባልደረባዬ ሻይ ይዛልኝ መጣችና "አይዞሽ እህቴ፣ እናውቀዋለን" አለችኝ። እናውቀዋለን ያለችው ነገር ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ልጆቹ እንደኔ አስራ አንድ ዓመት እንዳይፈጅባቸው ነው ይሄን ሁሉ የምለው። የጎረቤትህ እምነት ላይ ሲሆን ያልታየህ ገደብ ያንተ ላይ ሲደርስ ብትጮህ ማን ይሰማሃል?

ከዚህ ቀጥሎ ገደብ ማለት መንግስት ምንም አይበል ማለት እንዳልሆነ አስረዱ። አንቀፅ 27 ንዑስ 5 እምነትን በአደባባይ መግለፅ ሊገደብ የሚችልበትን ይዘረዝራል፣ በህግ የተደነገገ መሆን አለበት፣ ለህዝብ ደህንነት ለሰላም ለጤና ለትምህርት ለሞራል ለሌሎች መብት ወይም መንግስት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲባል አስፈላጊ መሆን አለበት። በ2012 በኮሮና ጊዜ ፋሲካን ቤታችን ነው ያከበርነው፣ አሟልቷል አላሟላም ብላችሁ አወያዩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚያድር የሰፈር ድምፅ ማጉያ ላይም እንዲሁ። ማመን ራሱ ግን፣ ማለትም ልብ ውስጥ ያለው፣ ንዑስ 3 ላይ በግድ አይነካም ይላል።

አንድ ክፍተት አለ፣ ደፋር ልጅ ካለ ያገኘዋል። አንቀፅ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ መብቶችን ሲዘረዝር 27 ውስጡ የለም። ሀገራችን በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በአንቀፅ 4 የእምነት ነፃነት በአስቸኳይ ጊዜም አይታገድም ይላል፣ ህገ መንግስቱ ደሞ በአንቀፅ 9 የፀደቁ ስምምነቶች የሀገሪቱ ህግ አካል ናቸው ይላል። የህግ ተማሪ ካለ ይሄን እሱ ያብራራው።

መጨረሻ ላይ ለቤታቸው የሚሆን ነገር ስጧቸው። አንድ ባለስልጣን ቤተ እምነታችሁን በሚመለከት ትዕዛዝ ይዞ ቢመጣ፣ አትሳደቡ፣ ድንጋይ አታንሱ፣ አያቴ እንዳደረገችው ወረቀት ጠይቁ። የትኛው ህግ ነው፣ ማን ፈረመ፣ ቀኑ መቼ ነው። የመጣውን ሰው ስምና ሰዓቱን ማስታወሻ ላይ ፃፉ፣ ሽማግሌ ጥሩ፣ ከሌላ እምነት አንድ ሰው አብሮ ይቁም፣ ይሄ በጣም ይጠቅማል። ከዛ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ በፅሁፍ አቤት ማለት ይቻላል፣ ፍርድ ቤትም አለ፣ የህገ መንግስት ትርጉም ሲያስፈልግ ደሞ ጉዳዩ ፌደሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። ረጅም መንገድ ነው፣ አልዋሻችሁም፣ ግን ወረቀት ያስቀመጠ ሰው ነው የሚጓዘው።

ፎቶ ኮፒውን አትሰብስቡ፣ ይዘውት ይሂዱ። የኛ ሰፈር አንድ ልጅ አጥፎ ግልፁ የሞባይል ከቨሩ ውስጥ ከቶታል፣ አንቀፅ 11 ወደ ውጪ እንዲታይ አድርጎ።