ካሎሪው የቀነሰ የእርጎ አይስክሬም በቤት ውስጥ አሠራር

ተራ የወተት አይስክሬም በ100 ግራም ወደ 200 ካሎሪ ይይዛል። ከታች ያለው አሠራር ከ80 እስከ 90 ባለው ውስጥ ያስቀረዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ክሬሙ ስለሚቀርና ስኳሩ ስለሚቀንስ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል፤ አይስክሬምን ለስላሳ የሚያደርጉት እነዚያው ቅባትና ስኳር ናቸውና። ሁለቱ ሲነሱ በብዛት የሚተርፈው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ፍሪዘር ገብቶ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሥራው ሁሉ ውሃ ላይ ነው፦ የሚወጣውን ማውጣት፣ የማይወጣው ትልልቅ የበረዶ ፍሬ እንዳይሠራ መከላከል።

ለ8 ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፦ 1 ኪሎ ቅባቱ የቀነሰ፣ ስኳር የሌለው እርጎ (ተጠንፍፎ ወደ 500 ግራም ይወርዳል)፣ 250 ግራም የበሰለ ማንጎ ያለ ልጣጩና ያለ ፍሬው፣ 50 ግራም ማር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ቆንጠር ተደርጎ ጨው። ሲደመር 670 ካሎሪ ግድም ነው፤ ከዚህ ከግማሽ በላዩ የእርጎው፣ የቀረው የማሩና የማንጎው እኩል በእኩል ነው። የኩሽና ሚዛን ቢኖር ጥሩ ነው። በማንኪያ የሚለካ ማር ሁሌም ከታሰበው ይበልጣል፤ ሞልቶ የፈሰሰ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን ከ60 ካሎሪ በላይ ነው።

እርጎው

ከሱቅ የሚገዛ እርጎ ከሆነ መጀመሪያ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ። የእንጆሪ፣ የቫኒላ ተብለው የሚሸጡት ስኳር የገባባቸው ናቸው፤ በእነሱ ከጀመራችሁ ሒሳቡ ከመነሻው ይበላሻል። ውጭ አገር ያላችሁ ቅባት የሌለውን የግሪክ እርጎ ገዝታችሁ ማጠንፈፉን መዝለል ትችላላችሁ፤ ግን ከይዘቱ ዝርዝር ውስጥ ስታርች ወይም ጄላቲን ካለ የወፈረው ተጠንፍፎ አይደለም።

ቤት ውስጥ ለሚረጋ፣ ከገበሬ የመጣ ወተት ከሆነ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩትና ላዩ ላይ የተኛውን ስልባቦት በማንኪያ ግፈፉ። ብዙ ቅባት የሚወጣው በዚህ ነው። ሳይፈላ የረጋ የጥሬ ወተት እርጎ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። ቅዝቃዜ እንደ ብሩሴላ ያሉ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፉ ጀርሞችን አይገድልም፤ ያደነዝዛቸዋል እንጂ።

የተገፈፈውን ወተት እንደገና አሙቁና ሊፈላ ሲል፣ ዳር ዳሩ ላይ አረፋ ሲጀምር፣ እሳቱን ቀንሱ፤ በዚያው ሙቀት እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ይህ የሚደረገው የወተቱ ፕሮቲን በሙቀት ተፈትቶ ሲረጋ ውሃውን አጥብቆ እንዲይዝ ነው። የሚፈለገው ሙቀት ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ከ2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ላይ ነው፤ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው እዚያ ብዙ አይሳሳትም። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያለ ግን ወተቱ ከመፍላቱ ቀደም ብሎ እሳቱን ይቀንስ።

ከዚያ ትንሽ ጣት ገብታ እስከ አስር ሲቆጠር የምትችለው ሙቀት ላይ፣ ማለትም ከ43 እስከ 45 ዲግሪ፣ እስኪደርስ ይቀዝቅዝ። ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ስኳር አልባ እርጎ በእርሾነት ጨምሩ፣ ክደኑ፣ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልሉ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳታንቀሳቅሱ ተዉት። ከረጋ በኋላ ወደ ፍሪጅ። ሲቆይ ይኮመጥጣልና ከሁለት ቀን በላይ አታሳድሩት።

አሬራስ? ቅቤው የወጣለት ስለሆነ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ሆኖም ለመገፋት ቀናት የቆየ እርጎ በመሆኑ ኮምጣጣ ነው፤ ብቻውን ከሆነ ኮምጣጣነቱን ለመሸፈን የሚጨመረው ስኳር ያተረፋችሁትን ካሎሪ ይመልሰዋል። ግማሽ አሬራ፣ ግማሽ ትኩስ እርጎ አድርጉት። የተናጠበት ዕቃ በወይራ የታጠነ ከሆነ ደግሞ ጢሱ ከማንጎና ከእንጆሪ ጋር አይስማማም፤ ከማርና ከቡና ጋር ግን ግሩም ነው።

ማጠንፈፍ

ወንፊት በጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጡ፣ በወንፊቱ ላይ ንጹህ ስስ ጨርቅ ሁለት እጥፍ አንጥፉ፣ እርጎውን ገልብጡ፣ የጨርቁን ጫፎች ሰብስባችሁ ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። 4 ሰዓት አንዳንዱን ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ሌሊቱን ይፈልጋል። ሰዓቱን ትታችሁ ክብደቱን ተከተሉ፦ 1 ኪሎው ከ450 እስከ 500 ግራም ሲደርስ ይብቃ። ሚዛን ከሌለ የወረደውን ፈሳሽ ለኩ፤ ግማሽ ሊትር ከሞላ ደርሷል። ማንኪያ ስትተክሉበት ትቆማለች፣ ስታወጧት ጉድጓዱ አይሞላም።

ከዚያ አልፎ እንደ አይብ ከደረቀ አይስክሬሙ አፍ ውስጥ እንደ ጠመኔ ይሆናል። ያኔ ከወረደው ፈሳሽ በማንኪያ እየመለሳችሁ ምቱት። የተረፈውን ፈሳሽ አትድፉት፤ ሊጥ ማቡኪያ ይሆናል፣ ሩዝም ይቀቀልበታል።

ፍራፍሬው

ማንጎ ከሁሉ ይመረጣል። ሲፈጭ እንደ ቅባት ይለሰልሳል፣ የራሱ ስኳርም ስላለው ማሩን ይቀንስልናል። ጭረት የሚበዛበት ከሆነ በወንፊት አሳልፉት።

እንጆሪ በ100 ግራም 32 ካሎሪ ብቻ ነው፣ ነገር ግን ከዘጠና በመቶ በላዩ ውሃ ነው። ጥሬውን ፈጭቶ መጨመር ያጠነፈፋችሁትን ውሃ መመለስ ነው። 350 ግራሙን በደካማ እሳት ያለ ክዳን 250 ግራም እስኪሆን አፍሉት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት። ሙቅ ፍራፍሬ እርጎ ላይ ከተጨመረ እርጎው ይቋጠራል።

ፓፓያና አናናስ ጥሬያቸውን አይሆኑም። ሁለቱም የወተትን ፕሮቲን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አላቸው፤ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ሲቆይም ይመራል። 5 ደቂቃ ካፈላችኋቸው ኢንዛይሙ ይጠፋል። ሙዝ ለስላሳነቱ ጥሩ ቢሆንም 89 ካሎሪ ስላለው ከማንጎው ሲሶ ያህሉን ብቻ ተኩበት። አቮካዶ 160 ነው፤ ለዚህ አሠራር አንመክረውም።

ማር፣ ስኳርና ምትኮቻቸው

ስኳር የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ውሃ በረዶ የሚሠራበትን ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርግ ፍሪዘር ውስጥ የተወሰነው ውሃ ሳይረጋ ይቀራል፤ ማንኪያ የሚገባውም ለዚህ ነው። ማር ከስኳር የተሻለበት ምክንያት አለ። በእኩል ክብደት ካሎሪው ያንሳል፣ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ደግሞም አብዛኛው ስኳሩ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ አይስክሬሙን ይበልጥ ያለሰልሳል። ነጭ ማር ፍራፍሬውን አይጫነውም፤ ጠቆር ያለ የጫካ ማር ለቡናው ይሁን። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም።

ሱክራሎስና ስቴቪያ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ መጠናቸው እጅግ ትንሽ ስለሆነ በረዶውን አያለሰልሱም። ማሩን በሙሉ በእነሱ የተካ ሰው ጣፋጭ ድንጋይ ያገኛል። ኤሪትሪቶል ያለሰልሳል፣ ካሎሪም የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲበዛ ግን በቅዝቃዜ ተመልሶ እንደ አሸዋ ይሰክናል፣ ሆድም ይነፋል። ምትክ መጠቀም የሚፈልግ ማሩን ወደ 30 ግራም አውርዶ የቀረውን ጣዕም በትንሽ ስቴቪያ ይሙላ።

ማዋሃድ

ማንጎውን፣ ማሩን፣ ሎሚውንና ጨውን መጀመሪያ ለብቻ በብሌንደር ፍጩ፤ ከዚያ ወደ እርጎው ገልብጣችሁ በእጅ መምቻ አዋህዱ። እርጎውን ብሌንደር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማሽከርከር ለምን እንደማይገባ ወተት የገፋ ሰው ያውቀዋል፦ ቅባቱ ይሰበሰባል። ስልባቦቱ በደንብ ካልተገፈፈና እርጎው ለብ ካለ ብሌንደሩ ይንጠዋል፤ ቢጫ ቢጫ የቅቤ ፍሬዎች ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ መመለሻ የለውም። ሁሉም ነገር ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ይሁን።

ቅመሱት። ቅዝቃዜ ጣዕምን ስለሚያደበዝዝ አሁን ትንሽ ጣፈጠ ካላችሁ ሲረጋ ልክ ይሆናል። አሁን ልክ ከሆነ ሲረጋ ይኮመጥጣል።

ለብዙ ቀን ለማስቀመጥ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። 100 ሚሊ ሊትር ቅባቱ የቀነሰ ወተት ውስጥ 1 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች በጥብጡ፣ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪወፍር አብስሉ፣ አቀዝቅዛችሁ ቀላቅሉ። ስታርቹ ውሃውን ይይዘዋል፣ የበረዶ ፍሬዎቹም ቶሎ አይፋፉም። በጠቅላላው 80 ካሎሪ ይጨምራል፤ መጠኑም አብሮ ስለሚጨምር የ100 ግራሙ ካሎሪ አይለወጥም። የቡና ጣዕም የሚፈልግ ፍራፍሬውን ትቶ ወተቱን እጥፍ አድርጎ፣ 15 ግራም ሸካራ ተደርጎ የተፈጨ ቡና ሙቅ ወተቱ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ ያጥልልና ስታርቹን በእሱ ያብስል።

ማርጋት

ማሽን አያስፈልግም። የፍሪዘሩን መቆጣጠሪያ ከሁለት ሰዓት በፊት ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ አዙሩ፣ የብረት ትሪም አብሮ ይቀዝቅዝ። ድብልቁን ትሪው ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት አፍስሱ። ቶሎ የረጋ ደቃቅ የበረዶ ፍሬ ይሠራል፤ ቀስ ብሎ የረጋ ትልልቅ። ጥልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የተጨመረ እርጎ መሐሉ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል፣ ውጤቱም ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል።

ከ45 ደቂቃ በኋላ ዳር ዳሩ ነጣ ብሎ ይደርቃል። በሹካ ከዳር ወደ መሐል እየፋቃችሁ አጥብቃችሁ ምቱት። ከዚያ በየ30 ደቂቃው ይኸው ይደገም፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋሉ፤ እነሱን የዘለለ የኋለኛው ምት አያድነውም።

ይህን ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ፣ ድብልቁን በበረዶ መሥሪያ ቅርጫቶች አርጉት፤ ሲበላ ኪዩቦቹን ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ውጭ አቆይታችሁ ከ2 ማንኪያ ቀዝቃዛ እርጎ ጋር በአጭር በአጭሩ ፍጩ። እንደወጣ የገባ ኪዩብ ደካማ ብሌንደር ያቃጥላል። ወዲያው ተበልቶ ለሚያልቅ ደግሞ ማንጎውን ብቻ ቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደርና ከተጠነፈፈው እርጎ ጋር መፍጨት ይበቃል፤ በሦስት ደቂቃ ለስላሳ አይስክሬም ይሆናል። ልስላሴው ከሁሉም የሚሻለው ይኸኛው ነው፣ ለነገ ግን አይቀመጥም።

የረጋውን ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ጨምሩና የምግብ ላስቲክ ከላዩ ጋር አጣብቃችሁ ክደኑ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። በር ላይ አታስቀምጡት፤ በተከፈተ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ተመልሶ ሲረጋ ፍሬው ይተልቃል። መብራት ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ከለሰለሰ እንደገና ምቱትና መልሱት። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ከ2 ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ቅዝቃዜ ውጭ የቆየ ግን ይጣል።

ሲቀርብ

ይህ አይስክሬም ከፍሪዘር እንደወጣ ጠንካራ ነው፤ ቅባት የለውምና። ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ ወይም ጠረጴዛ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። ማንኪያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁትና ከላይ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ ሲደርስ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ገና ከሆነ ይፈረፈራል።

ላዩ ላይ የምትነሰንሱትንም ቁጠሩት። አንድ እፍኝ፣ ማለትም 30 ግራም ለውዝ፣ 170 ካሎሪ ነው፤ ከሥሩ ካለው 100 ግራም አይስክሬም እጥፍ። አንድ ፓሽን ፍሩት ከነፍሬው ሲጨመርበት ግን 20 ካሎሪም አይሞላም፣ ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙም ከማንጎው ጋር ይስማማል።