የአጥቢያ ማስታወቂያ ባጭሩ እንዴት ይጻፋል?

የእሑድ ማስታወቂያን የሚሰማው ከንጋት ጀምሮ የቆመ፣ ገና እህል ያልቀመሰ፣ ልጅ ያዘለ ምእመን ነው። ይህ ሰው የሰማውን ይዞ ቤቱ ገብቶ ላልመጡት እናቱ ይነግራል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤም ሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ለእናቱ ምን ብሎ ይነግራቸዋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልተገለጸ ጉዳዩ ገና አልጠራምና ሰብሳቢውን መልሶ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ ዕለቱንና ሰዓቱን ማስቀደም ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰማው «እንደሚታወቀው በየዓመቱ በደመቀ ሁኔታ የሚከበረው የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ዘንድሮም በተለያዩ መንፈሳዊ መርሐ ግብሮች ስለሚከበር በዕለቱ እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን» የሚል ነው። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው መቼ እንደሚመጣ አላወቀም። «የቅዱስ ሚካኤል በዓል ዓርብ ኅዳር 12 ቀን ይከበራል። ዋዜማው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመራል። ታቦቱ ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይወጣል» ቢባል ግን ይበቃል። የመክፈቻው ጸሎትና የአባቶች ማዕርግ ለማሳጠር ተብሎ አይነካም፤ የሚቀነሰው «እንደሚታወቀው» እና «በደመቀ ሁኔታ» ነው።

በሰዓትና በቀን ላይ ግን ቃል መቆጠብ ያሳስታል። በአሜሪካ ባለ አጥቢያ «ቅዳሜ 10 ሰዓት» ቢባል እናት ከቀትር በኋላ ያለውን፣ እዚያው ያደገ ልጇ ደግሞ ረፋዱን ይረዳሉ፤ «ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 4 ሰዓት» ተብሎ መጻፍ አለበት። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 12 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ላይ ቢውልም፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚብተው ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ሆነው፣ ወደ 22 ይሸጋገራል። ያምናውን ማስታወቂያ ገልብጦ ዓመቱን ብቻ መቀየር ሰውን በባዶ ግቢ ያቆማል።

በስልክ አጭር መልእክት የሚላክ ከሆነ፣ በግእዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ምልክት ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ይይዛል። «ሚካኤል፦ ዋዜማ ሐሙስ ቀን 8 ሰዓት፤ ታቦት ዓርብ ረፋድ 4 ሰዓት» የሚለው በዚያ ልክ ይገባል። ዝርዝሩ በቴሌግራም ይለጠፍ።

የኀዘን ማስታወቂያ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክርስትና ስም ብቻ ከተነበበ ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ጎረቤት እንኳ ሟቹ ማን እንደ ሆነ ሳይረዳ ከቀብር ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ሰው የሚያውቀው ስም ይቅደም፣ የክርስትናው ይከተል፣ ከዚያ የፍትሐቱ ሰዓትና ቦታ ብቻ ይነገር።

በመጨረሻም ጽሑፉን ስብሰባው ላይ ላልነበረ ሰው ቆመው አንድ ጊዜ ያንብቡለትና ወረቀቱን ሳያሳዩ ያስደግሙት። ቀኑን ወይም ሰዓቱን ከዘነጋ፣ ያንን ወደ መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አምጥተው እንደገና ይጻፉ።