ከመለኪያ መሣሪያ ፋይል ውጤት የሚለቅም ፓርሰር አዘገጃጀት

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት ስለሚገኝ፣ ሐዋሳ ላይ ውኃ የሚመረምር ላቦራቶሪ ውጤቱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ማለፍ አለማለፉን የሚያሳየውን ቁጥር ከመሣሪያው ወደ መዝገብ በእጅ ባይገለብጥ ይመረጣል። ይህን ሥራ ፓርሰር፣ ማለትም ፋይል አንብቦ የሚፈለገውን መረጃ የሚለቅም ፕሮግራም፣ ሊሠራው ይችላል።

በመጀመሪያ ዋናውን ፋይል እንዳይነካ አስቀምጠው ቅጂውን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱት። ኤክሴል የናሙና መለያው «0047» ከሆነ «47» ሊያደርገው ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፓርሰሩ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲጻፍ እያንዳንዱን መረጃ በመስመር ቁጥር ሳይሆን በስያሜው ይፈልግ፤ የመሣሪያው ሶፍትዌር ሲታደስ አንድ መስመር ቢጨመር በቁጥር የሚቆጥር ፓርሰር የሙቀት መጠንን ፍሎራይድ ብሎ ሊመዘግብ ይችላልና። ከቁጥሩ ጋር መለኪያ አሃዱም ይወሰድ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው «ከ0.1 በታች» (<0.1) የሚል ውጤት ነው። ይህ ዜሮ ማለት አይደለም፤ መሣሪያው ከዚያ በታች በእርግጠኝነት መለካት አልቻለም ማለት ነው። ስለዚህ የ«<» ምልክቱን በአንድ ዓምድ፣ ቁጥሩን በሌላ ዓምድ ያስቀምጡ።

«03/04/2024» ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 ከመሣሪያው ቅንብር ያረጋግጡ፤ የኢትዮጵያ ቀን ካስፈለገ፣ የመጀመሪያው ሳይነካ፣ በተለየ ዓምድ ይቀየር።

የሚፈለግ ስያሜ ሲጠፋ ፓርሰሩ ባዶ ቦታ ትቶ ከሚያልፍ ይልቅ የፋይሉን ስም ጠርቶ ይቁም። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም ውጤታቸው በእጅ በተመዘገበ ጥቂት ፋይሎች ይፈተሽ።