ባል ዳግም ጥቃት የማድረሱን ስጋት እንዴት እንመዝናለን? በጅማ ከተጎጂ ሴቶች ጋር ለሚሠሩ

ባሏ የደበደባት ሴት ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምትጠየቀው «በምን ተጣላችሁ?» ተብላ ነው። ጥያቄው ለዕርቅ ይመች ይሆናል እንጂ ነገ ምን ሊደርስባት እንደሚችል አይነግረንም። የጠቡ ሰበብ ያረረ ወጥ ወይም የጎደለ የቡና ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ሰበቡ ዛሬ ቢስተካከል ሰውየው ነገ ሌላ አያጣም። የስጋት ምዘና ሰበቡን ትቶ የሰውየውን አድራጎት ይከተላል፦ እስካሁን ምን አድርጓል፣ ምን እያለ ይዝታል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህስ ምን ተለወጠ? ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በጅማ በጤና ተቋም፣ በፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ በቀበሌ ወይም በሽምግልና እነዚህን ሴቶች ለሚቀበሉ ሰዎች ነው።

የቁስሉን ትልቅነት ብቻ ማየትም ያሳስታል። ጥርሷ የተሰበረ ሴት ወዲያው ትኩረት ታገኛለች፤ አንገቷን ታንቃ ራሷን የሳተችው ግን ቆዳዋ ላይ ምልክት ስላልታየ «ደህና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች፤ ለሞት ይበልጥ የቀረበችው ግን ይህችኛዋ ልትሆን ትችላለች።

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱን አሜሪካዊቷ የነርስ ተመራማሪ ጃክሊን ካምቤል በ1985 እ.ኤ.አ. አዘጋጅተውታል፤ በኋላ ተሻሽሎ 20 ጥያቄዎችንና አንድ የቀን መቁጠሪያ ይዟል። በካናዳ ኦንታሪዮ የተዘጋጀው ሌላው መመዘኛ 13 ነጥቦች ሲኖሩት ፖሊስ ከመዝገብና ከምርመራ በሚያገኘው መረጃ ይሞላል። ከእነዚህ በተጨማሪ ባለሙያው የታወቁ የስጋት ምልክቶችን አንድ በአንድ አይቶ በመጨረሻ በራሱ ፍርድ የስጋቱን ደረጃ የሚወስንበት መንገድ አለ። ለእኛ የሚሻለው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የነጥቦቹ ድምር የተሰላው በሰሜን አሜሪካ መዝገቦች ላይ ስለሆነ፣ እዚያ «ከፍተኛ» የተባለው ቁጥር ሄርማታ ወይም ቦሳ ቀበሌ ያለችውን ሴት በትክክል ይለካል ማለት አይቻልም። ጥያቄዎቹን እንውሰድ፣ ድምሩን እንተው።

ከሁሉ በፊት ሴትየዋ ብቻዋን መሆን አለባት። «አስታማሚ ነኝ» ብላ አብራት የገባችው የባል እህት ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ ለክብደት መለኪያ ወይም ለሽንት ምርመራ በሚል ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ይቻላል። አማርኛ የማይቀናት ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ መጠየቅ ይገባል፤ ልጇን ወይም ዘመዷን አስተርጓሚ ማድረግ ግን እውነቱን ይዘጋል። ከእርሷ የሚሰማው ነገር ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራት። ማስታወሻውም ሆነ የቀጠሮ ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ እንዲገባ አይደረግም፤ ስልኳን የሚፈትሽ ባል ቦርሳዋንም ይፈትሻል። ቀጠሮ መያዝ ካስፈለገ በሕፃኑ ክትባት ቀን ቢሆን ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ካላንደሩ ይመጣል። ካምቤል ካለፉት 12 ወራት የጥቃት ቀኖችን ሴትየዋ ራሷ እንድታመለክትና ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ደረጃ እንድትሰጥ ያደርጋሉ፦ 1 ጉዳት ያላደረሰ ጥፊና ግፊያ፣ 2 ያበለዘ ወይም ያቆሰለ ቡጢና እርግጫ፣ 3 አጥንት የሰበረ ወይም ያቃጠለ ድብደባ፣ 4 በመሣሪያ ማስፈራራት ወይም ከባድ የውስጥ ጉዳት፣ 5 መሣሪያውን በእርግጥ መጠቀም። በመጀመሪያው ጥናት «አልባሰበትም» ካሉት ሴቶች ከ3 አንዷ በላይ ካላንደሩን ከሞሉ በኋላ መልሳቸውን ቀይረዋል።

እኛ ጋ ይህን በግድግዳ ካላንደርና በአንድ እፍኝ ቡና መሥራት ይቻላል። መጻፍ የማትችል አንዲት እናት ፊት ካላንደሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ለእያንዳንዱ ጥቃት እንደ ደረጃው ከአንድ እስከ አምስት ፍሬ እንድታስቀምጥ ፍሬዎቹን ሰጠናት። ቀን በቁጥር አታስታውስም፤ «ሮመዳን ከመግባቱ በፊት»፣ «ሕፃኑ የዘጠኝ ወሩን መርፌ የተወጋ ሰሞን»፣ «ቡና ሲለቀም» እያለች ግን ወሮቹን አንድ በአንድ ታገኛቸው ነበር። ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት አንድና ሁለት ፍሬ ብቻ ተቀምጧል። ጥቅምት ላይ ሦስት፣ ኅዳር ላይ ሁለት ቦታ አራት አራት ሆነ። ፍሬዎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና እጇን ሰበሰበች፤ «እየባሰበት ነው እንዴ?» ብላ የጠየቀችው እርሷው ናት። የለቀማ ወራት በጅማ ዙሪያ ገንዘብ የሚገባበት፣ መጠጥና ጫት የሚበዛበት፣ ስለ ገንዘቡ አወጣጥ የሚጣሉበት ጊዜ ስለሆነ ድግግሞሹ ከዚያ ጋር መያያዝ አለመያያዙንም ካላንደሩ ያሳያል። (ፍሬዎቹ በመጨረሻ ወደ ቆርቆሯቸው ይመለሳሉ፤ ወረቀቱ ላይ ምንም አይቀርም፤ ይህም ጥቅም ነው።)

ከካላንደሩ ቀጥሎ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው መታነቅ ነው። «አንቆሽ ያውቃል?» ተብላ «የለም» ያለች ሴት «አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል? ትንፋሽ አጥሮሽ ያውቃል?» ስትባል «እሱማ ያደርጋል» ልትል ትችላለች፤ ለብዙዎች መታነቅ ማለት በገመድ ነውና። ስለዚህ በምን ያዘሽ፣ በእጁ ነው በክንዱ ወይስ በነጠላሽ፣ ስንት ጊዜ፣ ዓይንሽ ጨለመብሽ ወይ፣ ሽንት አመለጠሽ ወይ፣ ከዚያ በኋላ ድምፅሽ ጎረነነ ወይ፣ መዋጥስ አቃተሽ ወይ እያሉ መዘርዘር ያስፈልጋል። ሽንት ማምለጡ ራሷን ስታ እንደነበር ሊጠቁም ይችላል፤ ይህን በራሷ አንደበት የምታነሣ ሴት ጥቂት ስለሆነች ጠያቂው ሳያፍር መጠየቅ አለበት። በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ፖሊስ ዘንድ የቀረቡ 300 የመታነቅ ክሶች ሲመረመሩ በግማሾቹ ላይ በዓይን የሚታይ ጉዳት አልተገኘም። ቀደም ሲል በባሏ ወይም በወዳጇ የታነቀች ሴት በኋላ በእርሱ እጅ የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ የተገኘበት ጥናትም አለ። በአንገት የደም ሥር ላይ የደረሰ ጉዳት ከቀናት በኋላ ሊገድል ወይም ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ቅርብ ጊዜ የታነቀች ሴት ምዘናው ከማለቁ በፊትም ቢሆን ለሐኪም ትታይ።

ሁለተኛው መለያየት ነው። ዘመድ «ትታው ትሂድ፣ ያኔ ትገላገላለች» ሲል የሚናገረው ከቅን ልብ ነው፤ ማስረጃው ግን የመልቀቂያው ሰሞን እጅግ አደገኛው ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በአሜሪካ በ11 ከተሞች በተደረገውና በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ሚስቱን በጣም የሚቆጣጠር ሰው ከተለየችው በኋላ የመግደሉ ስጋት ተባብሶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ልሄድ ነው» ብላ ነግራዋለች ወይ፣ የፍቺ ማመልከቻ አስገብታለች ወይ፣ የቤትና የቡና መሬት ክፍፍል ተነሥቷል ወይ፣ ሌላ ሰው ይዛለች ብሎ ይጠረጥራል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ቁጥጥሩም በተጨባጭ ይጠየቅ፦ ወፍጮ ቤት የምትቆይበትን ሰዓት ይቆጥራል? የባጃጅ ሾፌሩን ወዴት እንዳደረሳት ይጠይቃል? የቴሌብር መልእክቷን ያነባል? «ካንቺ ተለይቼ አልኖርም፣ አንቺም አትኖሪም» የሚለው ንግግር የፍቅር ተደርጎ እንዳይታለፍ፤ ራሱን እንደሚያጠፋ የሚዝት ሰው እርሷንም አብሮ ለመግደል ሊያስብ ይችላል።

የቀሩት በአጭሩ ይነሡ። እገድልሻለሁ ብሎ ያውቃል? መሣሪያ አለው? በ11ዱ ከተሞች ጥናት ሰውየው የጦር መሣሪያ ማግኘት መቻሉ የመግደሉን ስጋት 5 እጥፍ ያህል ከፍ ሲያደርገው ታይቷል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በየቡና ማሳው ያለው ገጀራና ማጀት ውስጥ ያለው ነጭ ጋዝም አብረው ይጠየቁ። ነፍሰ ጡር ሳለች መትቷታል? ሥራ አጥቷል? ከእርሱ ያልተወለደ ልጅ ቤት ውስጥ አለ? ያለ ፈቃዷ ይገናኛታል? የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ አገር ችግር አለበት፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 መድፈርን ከጋብቻ ውጪ በሚፈጸመው ስለወሰነው በፖሊስ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ለስጋት ምዘና ግን ከባድ ምልክት ስለሆነ ሕጉ ዝም ያለበትን ጠያቂው ዝም ሊለው አይገባም።

በመጨረሻ «አንቺስ ምን ይመስልሻል? ይገድለኛል ብለሽ ትሰጊያለሽ?» ይባላል። እፈራለሁ ካለች፣ ከሌላው ሁሉ ምልክት ቢጎድልም እንኳ ፍርሃቷ ይታመን። አልፈራም ማለቷ ግን ተመሳሳይ ክብደት የለውም፤ ለሞት ተቃርበው ከተረፉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ እስከዚያ ድረስ ያደርጋል ብለው እንዳልጠበቁ ተናግረዋል።

የተሰማው ነገር በሌላ ምንጭ መሞላት አለበት፤ እዚህ ላይ ሽማግሌዎችን ከሚያጣጥሉት ጋር አልስማማም። ሰውየው የቀድሞ ሚስቱን ምን እንዳደረጋት፣ ስንት ጊዜ ዋስ ጠርቶ ስንቱን እንዳፈረሰ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው «ተናገሪ» ሲሏት ነው፤ እርሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የመታነቅን ነገር የምታወራ ሴት አትገኝም። ስለዚህ ዕርቅ ከመታሰቡ በፊት ምዘናው ለብቻዋ ይደረግ፤ መታነቅ፣ የግድያ ዛቻ ወይም መሣሪያ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ በሽምግልና ብቻ እንዳይያዝ ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት ይነገራቸው። በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸመው ጥቃት በአንቀጽ 564 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

የስጋቱን ደረጃ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ከጎኑ ግን ምክንያቱ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይስፈር። «ከፍተኛ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ለሚቀጥለው ተረኛ ምንም አይነግረውም፤ «ከኅዳር ወዲህ ሁለት ጊዜ አንቋታል፣ አንዱን ጊዜ ራሷን ስታለች፣ በዚህ ሳምንት ልትለየው ነው» የሚለው ግን ለመርማሪውም ለዐቃቤ ሕጉም ሥራ ይሠራል። ደረጃው ከፍተኛ ከሆነ ከመሸኘቷ በፊት ዛሬ ማታ የት እንደምታድር መታወቅ አለበት። የሚቀበላት ዘመድ ቤት እርሱ የሚያውቀውና ቀድሞ የሚመጣበት መሆን አለመሆኑ ይጠየቅ። መታወቂያዋ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድና ጥቂት ገንዘብ ለምታምናት ጎረቤት ይሰጥ፤ ጠብ ሲጀመር ቢላዋ ካለበት ማጀትና መውጫ ከሌለው ጓዳ እንድትርቅ፣ ለጎረቤቷም ምልክት የሚሆን አንድ ቃል እንዲኖራት ይመከር።

ሰውየው ከተያዘ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብና በዋስትና ሊወጣ እንደሚችል ቀድማ ትወቀው። ተናዶ የሚመለስበት ቀን ያ ሊሆን ስለሚችል ሰውየው ሲለቀቅ መርማሪው እንዲደውልላት መጠየቅ፣ ስልኳ በባሏ እጅ ከሆነም የሌላ ሰው ቁጥር ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ምዘናው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም። ሲለቀቅ፣ የፍቺ መጥሪያ ሲደርሰው፣ ስታረግዝ፣ ንብረት ሲከፋፈሉና የለቀማ ገንዘብ ሲገባ እንደገና ይሠራል፤ ታርቀው ከተመለሱም ከሁለት ሳምንት በኋላ። የሚቀጥለው ምዘና ቀን ሴትየዋ ከመውጣቷ በፊት በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ይጻፍና የሚጠይቃት ሰው ስም ከጎኑ ይስፈር።