መኪናው በሶላር ቻርጅ አላደርግ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ አለ። መብራቱ ግን ያው ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቅሎ መኪናውን ከዚያ ለመሙላት ይሞክራል። ጥሩ አድርጓል። ችግሩ መኪናውም፣ ኢንቨርተሩም (የሶላሩንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ሳጥን)፣ ቻርጀሩም ለየብቻቸው ደህና ሆነው ሳለ ሲገናኙ አለመግባባታቸው ነው። ባለቤቱ መኪናው የተበላሸ ይመስለውና ጋራዥ ይወስደዋል፣ ገንዘብ ይከፍላል፣ ቤት ሲመለስ ያው ቀይ መብራት ይጠብቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው። ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

መብራት ሲኖር ይሠራል፣ በሶላር ሲሆን ቻርጀሩ ቀይ ያበራል

ይሄኛው ብዙ ሰው ያስቸግራል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቻርጀር፣ ገመዱ መሀል ላይ ሳጥን ያለው ማለቴ ነው፣ ኃይል ከመልቀቁ በፊት ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ፣ መኖሩን ይፈትሻል። የውጭው መስመር ላይ ኑትራሉ (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) ከመሬት ጋር የታሰረ ስለሆነ ፍተሻው ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ግን ኢንቨርተሩ ከውጭው መስመር ተለይቶ ቤቱን ብቻውን ይይዛል። ያኔ ቤታችሁ እንደ ደሴት ነው፤ ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኑትራሉ ከመሬት ጋር የነበረው ግንኙነትም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። አምፖሉ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ማንም ምንም አያስተውልም። ቻርጀሩ ብቻ ግራውንድ የለም ብሎ እምቢ ይላል። እውነቱን ነው።

ለማረጋገጥ መልቲሜትር በቂ ነው። ቤቱ በኢንቨርተር እየሠራ በፌዝ (ኃይል ይዞ በሚመጣው ሽቦ) እና በግራውንድ መሀል ያለው ቮልቴጅ ይለካ። 220 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። 110 አካባቢ ካሳየ ወይም ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ኑትራሉ እየተንሳፈፈ ነው፣ ከመሬት ጋር አልታሰረም ማለት ነው። መፍትሄው በባትሪ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ኑትራልና ግራውንድን የሚያገናኝ ሪሌይ፣ ማለትም ራሱ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ፣ ነው። አንዳንድ ኢንቨርተር ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል፣ ሴቲንጉን ማብራት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሌላው ላይ ከውጭ ይገጠማል። መብራት ሲመለስ ግንኙነቱ ራሱ መላቀቅ አለበት፤ ካልተላቀቀ ግራውንዱ ሽቦ ላይ መኖር የሌለበት ኃይል ይሄዳል፣ አርሲዲ ብሬከር (ኃይል ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጠው) ካላችሁም እየዘለለ ያስቸግራችኋል። ይሄን ሥራ ኢንቨርተር የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

በመብራትም በሶላርም ቀይ ከሆነስ? ቤቱ ግራውንድ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ሽቦ የሚመስል ሶኬት ሲከፈት ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) በመሣሪያ ይለካ። ዘንጉን እርጥበት የማይለየው ቦታ ላይ አስቀብሩት፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ሐምሌ ላይ ጥሩ የነበረው ግራውንድ የካቲት ላይ ይደክማል።

አሁን የምጽፈውን እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ቻርጀሩን ለማታለል ሶኬቱ ውስጥ ኑትራሉን ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ የሚያስሩ ሠራተኞች አሉ። ቀዩ መብራት ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሠራተኛውም ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ያ ኑትራል የሆነ ቦታ ላይ ቢላቀቅ የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ልጅ መጥቶ የበሩን እጀታ ይይዛል። እንዲህ የተሠራ ሶኬት ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ አስፈቱት።

ኢንቨርተሩ ይጮህና ቤቱ በሙሉ ይጠፋል

ቻርጀሩ 16 አምፒር ላይ ከሆነ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ 7 ኪሎዋት ሆነ፤ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ይሄን አይችልም። በዚያ ላይ ብዙ አምራቾች ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ የኢንቨርተሩ አቅም እንደሚቀንስ መመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ፣ አብዛኛው አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አየር በሌለበት ዕቃ ቤት ውስጥ ከተሰቀለ ሙቀቱም ይጨምርበታል። ቦታውን ቀይሩለት።

ዋናው መፍትሄ ቻርጀሩን ወደ 8 ወይም 10 አምፒር ማውረድ ነው። ሳጥኑ ላይ ቁልፍ ካለ በሱ፣ ከሌለ ከመኪናው ስክሪን። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን መኪናው ይነቀል። ስኮትላንድ ውስጥ ኢግ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን መብራት ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ያመነጫሉ፣ አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ እንዳይወስድ ተስማምተው ይኖራሉ። አንዱን ሲያበሩ ሌላውን ያጠፋሉ። ሶላር ያለው ቤትም ይሄን ልማድ ይፈልጋል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይወቀው።

ፀሐይ እያለ ይጀምራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል

አብዛኞቹ መኪናዎች ከ6 አምፒር በታች ቻርጅ አያደርጉም፤ ስታንዳርዱ ነው። በእኛ ቮልቴጅ 1.3 ኪሎዋት ገደማ ማለት ነው። የፀሐዩን ትርፍ፣ ማለትም ቤቱ ተጠቅሞ የተረፈውን ኃይል፣ ተከትሎ የሚሠራ ቻርጀር ካላችሁ፣ ደመና መጥቶ ትርፉ ከዚያ ሲወርድ ያቋርጣል፣ ደመናው ሲያልፍ ይቀጥላል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ መሆኑ የመኪናውን ማብሪያና ማጥፊያ ያደክማል። ቻርጀሩ ከማቆሙ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንዲታገስ አድርጉት፣ ክፍተቱን የቤቱ ባትሪ ይሸፍን። 6 አምፒር ላይ ቀኑን ሙሉ መቆየትም አያዋጣም። መኪናው ቻርጅ ሲያደርግ ለራሱ ኮምፒውተርና ፓምፕ የሚወስደው ኃይል አለ፣ የሚገባው ባነሰ ቁጥር የዚያ ድርሻ ይበዛል።

ጠዋት የቤቱ ባትሪ ባዶ፣ መኪናውም አልሞላም

ይሄ የሂሳብ ጉዳይ ነው። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ መኪና ትልቁ ባትሪ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የቤታችሁ ባትሪ 10 ቢሆን፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተቀንሶ መኪናው ጋ የሚደርሰው 8 ያህል ነው። 50 ኪሎሜትር ቢያስነዳችሁ ነው። ፍሪጁም ጠፍቶ ያድራል። መኪናውን ማታ ከባትሪ አትሙሉት፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ ሙሉት። ኢንቨርተሩ ላይ የቤቱ ባትሪ ከ40 በመቶ ሲወርድ ቻርጀሩ የተሰካበት መስመር እንዲቆረጥ ማድረግ ይቻላል። ቀን ቀን መኪናው ሥራ ቦታ የሚውል ከሆነ፣ ሶላሩ ቤቱን ይያዝ፣ መኪናው ሌሊት ከመብራት ይሙላ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያስብ ነው ሶላር የሚገዛው።

ሶኬቱ ይግላል፣ ይሸታል

ተራ ሶኬት ለ8 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ 16 አምፒር እንዲሸከም አልተሠራም። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ከአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ይሆናል፣ ሶኬቱን ስትነቅሉ አንዱ ጥርስ ከሌላው ይበልጥ ያቃጥላል። ይሄን ካያችሁ አቁሙ። ከማከፋፈያው ለብቻው የሚወጣ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ስኩዌር ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና ክብ ሰማያዊው የፋብሪካ ሶኬት ይገጠምለት። ኤክስቴንሽን በፍጹም አትጠቀሙ፣ በተለይ የተጠቀለለ።

ባስቀመጥኩለት ሰዓት አይጀምርም

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሰዓቱ የቤጂንግ ሊሆን ይችላል። ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። እኩለ ሌሊት ይጀምር ብላችሁ 00:00 ብትሞሉት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ሁሉም ሰው ራቱን በሚሠራበት፣ ቮልቴጁ በሚወርድበት ሰዓት። ቮልቴጁ በጣም ሲወርድ ደግሞ ቻርጀሩ ራሱን ያጠፋል፣ እናንተም መኪናው ታመመ ትላላችሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንዲጀምር ከፈለጋችሁ 15:00 ብላችሁ ሙሉት፣ ወይም ሰዓቱን አስተካክሉ።

ጨርሶ አይነቃም

ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተ መኪናው አይከፈትም፣ ቻርጅም አይቀበልም። ብዙ ቀን ሲቆም ያጋጥማል። ትንሹን ባትሪ በ12 ቮልት ቻርጀር አስነሱት።

ፀሐይ ወጥታ፣ መብራት ሲጠፋ ሶላሩም ይጠፋል

ኢንቨርተሩ ያለ ባትሪ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ዓይነት ነው። መስመር ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ በእናንተ ሶላር እንዳይያዝ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ይሄን ጥበቃ የሚያልፍ ዘዴ አትፈልጉለት። ባትሪ የሚቀበል ሃይብሪድ ኢንቨርተር ነው የሚያስፈልጋችሁ።

በበጋ ይበቃ ነበር፣ ክረምት ላይ አልበቃም

550 ዋት የሆኑ 10 ፓነሎች በበጋ ቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎዋት ሰዓት ሊሰጡ ይችላሉ። ቤቱ 6 ቢበላ የቀረው 100 ኪሎሜትር ገደማ ያስነዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በጣም ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ለቤቱ ራሱ ላይበቃ ይችላል። ፓነል መጨመር አንድ መፍትሄ ነው። የሚረክሰው ግን በእነዚያ ወራት መብራት ባለ ቁጥር፣ በተለይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ፣ መኪናውን ከመስመር መሙላትና ሶላሩን ለቤቱ መተው ነው። ፓነሉን የሚያጥበው ዝናብ ከቆመ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ አቧራውን በውሃና በለስላሳ ጨርቅ በማለዳ እጠቡት። እኩለ ቀን ላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ።