ያገለገለ ስማርት ስልክ ከመግዛትዎ በፊት ምን ይመርምሩ? ኔትወርክ፣ ቁልፍ፣ ሶፍትዌርና ባትሪ

ስልክ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው፤ ቀጥሎም ስለ ሚሞሪው። ሻጩም ቢሆን የሚያወራው ስለ እነዚሁ ነው። ነገር ግን ስልኩ ከተገዛ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስኑት ሌሎች ጉዳዮች ናቸው፤ እነርሱም የትኛውን የኔትወርክ ትውልድ እንደሚይዝ፣ አምራቹ ሶፍትዌሩን እስከ መቼ እንደሚያድስለት፣ የቀድሞው ባለቤት ቁልፍ እንደተነሣለትና ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ ናቸው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያገለገለ ስልክ ለሚገዙ፣ እንዲሁም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ስልክ ለሚላክላቸው አንባቢዎች ሲሆን፣ ያለፈው የቴክኖሎጂ ታሪክ የሚነሣው ምርመራውን ለመረዳት በሚያግዝበት ቦታ ብቻ ነው።

በኔትወርኩ እንጀምር። የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1973 ኒው ዮርክ ውስጥ መንገድ ላይ ሆኖ በእጅ በሚያዝ ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ ካደረገ በኋላ፣ ያ ስልክ ለሽያጭ እስኪበቃ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ዋጋውም 3,995 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ድምፅን በአናሎግ የሚያስተላልፍ ስለነበር ጥሪዎችን መጥለፍ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ የተጀመረው ሁለተኛው ትውልድ፣ ማለትም ጂ.ኤስ.ኤም፣ ድምፁን ዲጂታል አደረገው፤ ሲም ካርድንና አጭር መልእክትንም ይዞ መጣ። ኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎትን በ1991 ዓ.ም. ስትጀምር በቀጥታ የገባችው በዚህ በሁለተኛው ትውልድ ነበር። ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን፣ አራተኛው በ2009 መጨረሻ በስቶክሆልምና በኦስሎ፣ አምስተኛው ደግሞ በ2019 በሰፊው በደቡብ ኮሪያ ሥራ ጀመሩ። አዲስ አበባ አራተኛውን በ2007 ዓ.ም. አገኘች፤ የአምስተኛው የሙከራ አገልግሎት ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ለገዢ የሚጠቅመው ቁም ነገር፣ አዲስ ትውልድ በየአሥር ዓመቱ ገደማ እንደሚመጣና አሮጌውም ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ቆይቶ በመጨረሻ እንደሚዘጋ ማወቁ ነው። በአሜሪካ ትላልቆቹ ኩባንያዎች የ3ጂ ኔትወርካቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተዋል፤ በዚያን ጊዜ ምንም ብልሽት ያልነበረባቸው፣ ኢንተርኔትን በ4ጂ የሚይዙ አንዳንድ ስልኮች ጭምር መደወል አቅቷቸው ቀርተዋል። ምክንያቱም 4ጂ ከመሠረቱ የተሠራው ለዳታ በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ ድምፅ ለማስተላለፍ ስልኩ ቮልቲኢ የሚባለው ችሎታ ሊኖረው ይገባል። ይህ የሌለው ስልክ ጥሪ በመጣ ቁጥር ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው «ስልክ ሲደወልልኝ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል» ወይም «ይንቀረፈፋል» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ የተነሣ ነው።

ምርመራውን ሱቁ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። የራስዎን ሲም ያስገቡና ዳታውን ያብሩ፤ ከላይ ካለው የሲግናል ምልክት አጠገብ 4ጂ መጻፉን ካዩ በኋላ ወደ አንድ ሰው ይደውሉና ጥሪው እንደቀጠለ ምልክቱን ይመልከቱ። 4ጂ እንደሆነ ከቆየ ድምፁ በ4ጂ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ወደ 3ጂ፣ ወይም «ኤች» አለዚያም «ኢ» ወደሚል ፊደል ከተለወጠ ግን ወደ አሮጌው ኔትወርክ ወርዷል። ቢወርድም ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ ሴቲንግ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ገጽ ላይ የቮልቲኢ ማብሪያ መኖር አለመኖሩን ይዩ፣ የሲም አቅራቢዎንም በዚያ የስልክ ዓይነት ላይ አገልግሎቱን ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ማብሪያው ጨርሶ ከሌለ ዋጋው ቅናሽ ሊደረግበት ይገባል።

ከአሜሪካ ለሚመጡ ስልኮች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀድሞ ችግሩ የሞገድ ልዩነት ነበር፤ አሜሪካ 850 እና 1900 ሜጋኸርዝ ስትጠቀም፣ አፍሪካና አውሮፓ በ900 እና በ1800 ይሠሩ ስለነበር ከዚያ የመጣ ቀላል ስልክ እዚህ ሲግናል ላይዝ ይችል ነበር። የዛሬ ስልኮች ብዙ ሞገድ ስለሚይዙ ይህ ችግር በአመዛኙ ተቃሏል። በቦታው ግን ሁለት ሌሎች ችግሮች ተተክተዋል። አንደኛው የኩባንያ ቁልፍ ነው፦ ስልኩ በክፍያ ውል ተወስዶ ዕዳው ሳያልቅ ወደ አገር ቤት ከተላከ የሌላ ኩባንያ ሲም አይቀበልም። በአይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት በሚለው ገጽ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ፊት ለፊት የሲም ገደብ እንደሌለ የሚገልጽ ጽሑፍ መኖር አለበት። ሁለተኛው የሲም ቦታ ነው፦ ከአይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተገጠመና ያለ ካርድ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ስለዚህ ዘመድዎ ስልኩን ከመግዛቱ በፊት የእርስዎ ሲም አቅራቢ ለዚያ ሞዴል ኢሲም ይሰጥ እንደሆነ ማጣራት ይገባል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው የ09 እና የ07 ቁጥር በአንድ ስልክ መያዝ ስለሚፈልግ፣ ሁለት ሲም መያዝ አለመያዙንም አብረው ይጠይቁ። በእኔ አመለካከት ለአገር ቤት ሰው ስጦታ የሚልክ ሰው ከውድ ባለ አንድ ሲም ስልክ ይልቅ መካከለኛ ባለ ሁለት ሲም ቢልክ ተቀባዩን የበለጠ ይጠቅማል።

ቀጥሎ የስልኩን ማንነት ያረጋግጡ። *#06# ሲደውሉ 15 አኃዝ ያለው የአይ.ኤም.ኢ.አይ ቁጥር ይመጣል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት አኃዞች የስልኩን ሞዴል የሚያመለክቱ ሲሆኑ የመጨረሻው የስህተት መቆጣጠሪያ ነው። ይህን ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተለጠፈው፣ በሴቲንግ ውስጥ ካለውና፣ ከተጻፈበት፣ በሲም መሳቢያው ወይም በጀርባው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ካርቶን ለብቻው ስለሚሸጥ «ከነካርቶኑ ነው» መባሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልገው የሚወጣው ሞዴል በእጅዎ ካለው የተለየ ከሆነ ስልኩ ኮፒ ነው፣ ወይም ቁጥሩ ተቀይሯል፤ በሁለቱም ሁኔታ ይተዉት።

የአካውንት ቁልፍ ደግሞ ከሁሉ የሚብስ ነው፤ ምክንያቱም አንዴ ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ የሚፈታው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግን ሲከፍቱ ከላይ የማንም ስም መታየት የለበትም። አንድሮይድ ከሆነ ሻጩ የጉግል አካውንቱን በፊትዎ እንዲያወጣ ያድርጉ፤ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ተደርጎ እንደገና ሲበራ የድሮውን አካውንት ወይም የድሮውን ፓተርን መጠየቅ የለበትም። ይህ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካለ እርስዎ አይቸኩሉ። ቁልፉ በጥገና ቤት «ባይፓስ» የተደረገ ስልክ ለጥቂት ቀናት ሠርቶ በመጀመሪያው የሶፍትዌር እድሳት ሊቆለፍ ይችላልና በርካሽ ዋጋ አይታለሉ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ ሴቲንግ ላይ አባውት ፎን በሚለው ገጽ ውስጥ የአንድሮይድ ስሪቱንና የመጨረሻውን የደኅንነት እድሳት ቀን ያንብቡ። ቀኑ ከሁለት ዓመት በላይ ያለፈው ከሆነ አምራቹ ስልኩን ትቶታል ብለው ይቁጠሩ። ስልኩ በማግሥቱ ሥራ አያቆምም፤ ነገር ግን አፖች አንድ በአንድ ይሰናበቱታል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአንድሮይድ 5 በታች የሆኑትን፣ በዚያው ዓመትም አይፎን 6ን ትቷል። የባንክ አፖችና ቴሌብርን የመሳሰሉ የገንዘብ አገልግሎቶች በስልክዎ ላይ ካሉ ደግሞ ጉዳዩ የምቾት ሳይሆን የኪስዎ ደኅንነት ነው። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የሰባት ዓመት እድሳት ቃል ገብተዋል፤ ርካሽ ሞዴሎች ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ያገኛሉ። እዚህ ላይ የሚዘነጋው ነገር ዓመቱ የሚቆጠረው ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አለመሆኑ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ስልክ «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ቢሆንም ከዕድሜው ሦስት ዓመት በልቷል። የሁዋዌ ስልክ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ሜት 30 ወዲህ ያሉት የጉግል አገልግሎት ስለሌላቸው ፕሌይ ስቶር በፊትዎ ተከፍቶ አፕ ማውረዱን ሳያዩ አይክፈሉ።

ስለ ሚሞሪ በአጭሩ፦ «16 ጂቢ ራም» ተብሎ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ 8 እውነተኛ ራም እና ከማከማቻው የተበደረ 8 ነው። አባውት ፎን ላይ በመደመር ምልክት ተለይቶ ስለሚጻፍ ከመደመሩ ፊት ያለውን ቁጥር ብቻ ይመኑ።

ባትሪ የሚደክመው በዋናነት በሙሉ ዙር ቻርጅ ብዛት ነው፤ አንድ ዙር የሚባለውም በድምሩ 100 በመቶ የባትሪውን አቅም መጠቀም ነው። አፕል ከአይፎን 15 በፊት ለነበሩት ሞዴሎች 500 ዙር፣ ከዚያ ወዲህ ላሉት 1000 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅም እንዲቀራቸው ማቀዱን ይገልጻል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚሸጡ ስልኮች ቢያንስ 800 ዙር አስገድዷል። በአይፎን የባትሪ ጤና ገጽ ላይ ከ80 በመቶ በታች ካዩ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከመነሻው ቀንሰው ይደራደሩ። 100 በመቶ የሚያሳይ የአራት ዓመት ስልክ ደግሞ ባትሪው ተቀይሯል ማለት ነውና የተቀየረው ኦሪጅናል መሆኑን «ፓርትስ ኤንድ ሰርቪስ ሂስትሪ» የሚለው ክፍል ላይ ያጣሩ። አንድሮይዶች ሁሉም ይህን ገጽ ስለማያሳዩ፣ ቪዲዮ ከፍተው የስክሪኑን ብርሃን ሙሉ አድርገው ሌላውን ምርመራ ሲያካሂዱ መቶኛው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ይከታተሉ፤ ከ40 በድንገት ወደ 25 የሚዘል ከሆነ ባትሪው አልቋል። በዚሁ ጊዜ አንድ የአፕ ምልክት ተጭነው በመላው ስክሪን ላይ በዝግታ ይጎትቱት፤ ከጣትዎ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ ስክሪኑ እዚያ ላይ አይሰማም። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ *#0*# ሲደወል የስክሪን፣ የድምፅና የሴንሰር መመርመሪያ ይከፈታል። የቻርጀሩን ጫፍ ሰክተው ቀስ ብለው ቢያወዛውዙ ቻርጁ መቋረጥ የለበትም።

ለሚመጣው ዘመን ተብሎ ምን ያህል ተጨማሪ ይከፈል? 5ጂን በተመለከተ፣ በሚኖሩበት አካባቢ አገልግሎቱ ካለና የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ይግዙት፤ ከሌለ ግን ጥሩ ባትሪና ረጅም እድሳት ያለው የ4ጂ ስልክ ይበልጣል። ስድስተኛው ትውልድ ወደ 2030 እ.ኤ.አ. ገደማ የሚታቀድ በመሆኑ እርሱን መጠበቅ ትርጉም የለውም። ስልክን በቀጥታ ከሳተላይት ጋር የሚያገናኘው ቴክኖሎጂ፣ ማማ ለሌላቸው የገጠር አካባቢዎች ትልቅ ተስፋ ቢሆንም፣ ዛሬ የሚሠራው በተወሰኑ አገሮችና በስምምነት ላይ ተመሥርቶ ነውና ለእርሱ ብሎ ገንዘብ መጨመር ገና ነው። ታይፕ ሲ የቻርጀር ቀዳዳ ግን ዛሬውኑ ቅድመ ሁኔታ ያድርጉት፤ አይፎንም ሳይቀር እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ወደዚያ ዞሯል።

ከተስማሙ በኋላ የሻጩ ስም፣ የመታወቂያው ኮፒ፣ ዋጋው፣ ቀኑና ሁለቱም የአይ.ኤም.ኢ.አይ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት በሁለታችሁም ፊርማ ይያዝ፤ ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ በፖሊስ ፊት የሚያስረዳልዎት ይህ ወረቀት ነው። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር መፈጸም ሌላ ማስረጃ ይጨምራል። የድሮ ስልክዎንም በዚያው ቀን አይሽጡት፤ የባንክና የቴሌግራም ማረጋገጫ ቁጥሮች ወደ አዲሱ መምጣታቸውን፣ ፎቶዎቹና የስልክ ቁጥሮቹ መገልበጣቸውን ካዩ በኋላ ብቻ አካውንትዎን አውጥተው ሪሴት ያድርጉት።