በኢንተርኔት ስልክ ወደ 911 ሲደውሉ ያሉበት ቦታ እንዲታወቅ ምን ማድረግ ይገባል?

አሜሪካ ውስጥ በሽቦ የሚሠራው የድሮው የቤት ስልክ ከአንድ ቤት ጋር የታሰረ ስለነበር፣ የደወለው ሰው መናገር ቢያቅተው እንኳ የ911 (የድንገተኛ አደጋ ጥሪ) ሠራተኛ አድራሻውን ከፊቱ ያገኝ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን በአብዛኛው የሚያሳየው ደንበኛው ያስመዘገበውን አድራሻ ብቻ ነው፤ መሣሪያውን ነቅለው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ቢዛወሩና አድራሻውን ሳያድሱ ቢቀሩ፣ አምቡላንሱ ወደ ቀድሞ ቤትዎ ሊላክ ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ በስልክ ድርጅቱ ዘንድ ያለዎትን አካውንት ከፍተው የድንገተኛ አደጋ አድራሻዎን ይመልከቱ። የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን የአፓርታማ ቁጥር ያስተካክሉ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቶ ሳለ የሕክምና ባለሙያዎቹ በየበሩ እያንኳኩ መፈለግ የለባቸውም። በሞባይልዎ ላይ ዋይፋይ ኮሊንግ (በዋይፋይ በኩል መደወል) ከከፈቱም ይህንኑ አድራሻ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ያስገቡ።

ቀጥሎ ከዚያው ስልክ ወደ 933 ይደውሉ። ብዙ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶች በዚህ ቁጥር የተመዘገበውን አድራሻ በድምፅ ያሰማሉ። ለሙከራ ተብሎ 911 አይደወልም።

መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ሞደም ስለሚጠፋ የቤቱ ስልክም አብሮ ጸጥ ይላል። የመጠባበቂያ ባትሪ ይግዙ፤ ቻርጅ የተደረገ ሞባይልም አይለይዎት። የአገልግሎት ክፍያው የተቋረጠ ሞባይል እንኳ ኔትወርክ ባለበት ወደ 911 ይደውላል፤ ነገር ግን መስመሩ ቢቋረጥ መልሰው ሊደውሉልዎ አይችሉም።

ወደ 911 የጽሑፍ መልእክት መላክ የሚቻለው በአንዳንድ አካባቢዎች ብቻ ስለሆነ፣ መናገር የሚችል ሰው መደወል ይኖርበታል። መናገር ካልቻሉ በመደበኛው የስልክ የጽሑፍ መልእክት (ቴክስት) ያሉበትን ቦታና የደረሰውን አደጋ በመጀመሪያው መልእክት ላይ ይጻፉ። አገልግሎቱ እዚያ ከሌለ ይህንኑ የሚገልጽ መልስ ይደርስዎታል። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የተላከ መልእክት ግን 911 ዘንድ አይደርስም።

እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ፣ ሲደውሉ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ እስኪገኝ ስልኩን ሳይዘጉ እንዲጠብቁ አስቀድማችሁ አለማምዷቸው። የቤታችሁንም አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደልም በአማርኛ አነባበብም በትልቁ ጽፋችሁ፣ ከስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፉላቸው።